የቃሪያ ችግኞቼ ታችኛው ቅጠል ቢጫ እየሆነ ጠርዙ ይደርቃል፤ ምን ጎደላቸው?

ጓሮ በሚኒሶታ፦

ሰላም ወገኖች። ያለሁት ሚኒሶታ ነው፤ ውጭው ገና በረዶ ነው። ምድር ቤት ውስጥ መደርደሪያ ላይ የኤልኢዲ መብራት ሰቅዬ ቃሪያና ሚጥሚጣ አፍልቻለሁ። የቃሪያው ዘር ከሐበሻ ሱቅ ከገዛሁት ዛላ በርበሬ ያወጣሁት ነው፤ የሚጥሚጣውን ጎረቤቴ ነች የሰጠችኝ። ሁሉም ጥሩ አድርጎ በቀለ። ከአፈር ሲወጡ የሚታዩት ሁለቱ ለስላሳ ቅጠሎች ምንም አልሆኑም ነበር። እውነተኛው ቅጠል አራት፣ ስድስት ሲደርስ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ታችኛው ቅጠል መሃል መሃሉ ቢጫ ይሆናል፤ ጅማቱ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። ቆይቶ ጠርዙ ቡናማ ይሆንና ሲነኩት ይፈረፈራል። ከላይ ያሉት ቅጠሎች አረንጓዴ ናቸው፤ ግን ወደ ታች ተጠቅልለዋል። ሚጥሚጣው ላይ ይብሳል። ውኃ ጠዋት ጠዋት አጠጣለሁ፤ ፈሳሽ ማዳበሪያም ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው በየሳምንቱ አደርጋለሁ። መብራቱ በቀን 16 ሰዓት ይበራል።

እዚህ አገር ትኩስ የአገር ቤት ቃሪያ ማግኘት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ እንዲሞቱብኝ አልፈልግም። ምንድን ነው የጎደላቸው? እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

ከዳላስ፦

እህቴ ይሄ ናይትሮጅን ነው። ታችኛው ቅጠል ቢጫ ሲሆን ሁሌም ናይትሮጅን ነው። ማዳበሪያውን ጨምሪው፤ ባንድ ሳምንት አረንጓዴ ይሆንልሻል።

የአበባ እርሻ ሰው፦

ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝና እዚህ ላይ አልስማማም። እህቴ፣ ለጊዜው ምንም እንዳትጨምሪ። ባቱ አካባቢ፣ ያኔ ዝዋይ በሚባልበት ጊዜ፣ አበባ እርሻ ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ነገር በደንብ ገብቶኛል፦ በቤት ውስጥ ችግኝ ላይ ከጎደለ ማዳበሪያ ይልቅ የበዛ ነገር ነው ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው። የበዛ ውኃ፣ የበዛ ጨው፣ የበዛ ማዳበሪያ። ቅጠሉ ደግሞ በሁሉም ቢጫ ስለሚሆን ሰው ተራበ ብሎ ይጨምርበታል።

ናይትሮጅን ሲያንስ ቅጠሉ ከነጅማቱ ነው የሚገረጣው፤ ሙሉ በሙሉ ወጥ የሆነ ቢጫ። አንቺ ግን ጅማቱ አረንጓዴ ነው ብለሻል። ያ ወደ ማግኒዥየም ነው የሚያመለክተው። ማግኒዥየም፣ ናይትሮጅንና ፖታሲየም ተክሉ ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ፤ ሲያንሱ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል። ስለዚህ ምልክቱ ከታች ይጀምራል። ብረትና ካልሲየም ግን አንዴ ከገቡበት ቅጠል ብዙም አይወጡም፤ ሲያንሱ የሚጎዳው ከላይ ያለው ለጋ ቅጠል ነው። ቅጠል ስታዪ መጀመሪያ የምትጠይቂው «የትኛው ነው የታመመው፣ አሮጌው ወይስ አዲሱ?» የሚለውን ነው።

ማግኒዥየም አነሰ ማለት ግን አፈሩ ውስጥ የለም ማለት ብቻ አይደለም። ሥሩ ሲታፈን ወይም ሲቀዘቅዝ ያለውንም መውሰድ አይችልም። ሌላ ጨው ሲበዛም እንደዚሁ ነው። የጠርዙ መድረቅና የላይኛው ቅጠል መጠቅለል ሥሩን እንድጠረጥር ያደርገኛል። እስቲ እነዚህን ንገሪኝ፦ ውኃው ከየት ነው? አፈሩ ላይ ወይም ዕቃው ጠርዝ ላይ ነጭ ነገር አለ? ዕቃው ከሥሩ ቀዳዳ አለው? ምድር ቤቱ ምን ያህል ይቀዘቅዛል? አንዱን ችግኝ ደግሞ ከነአፈሩ ቀስ ብለሽ አውጪና ሥሩን እዪው፤ ነጭ ነው ወይስ ቡናማ?

ጓሮ በሚኒሶታ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ውኃው የቧንቧ ነው። ሰፈራችን ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ የጉድጓድ ውኃ ነው የምንጠቀመው። ምድር ቤት ውስጥ ውኃውን የሚያለሰልሰው ማሽን አለ፤ በየጊዜው የጨው ከረጢት የምንጨምርበት። ነጭ ነገር ደግሞ አዎ፣ አለ! አፈሩ ላይ ቅርፊት ሠርቷል፤ እኔ ሻጋታ መስሎኝ ነበር። ዕቃው ቀዳዳ አለው፤ ግን ሳህን ላይ ነው የተቀመጠው፣ ሳህኑም ውኃ አያጣውም። ምድር ቤቱ 16፣ 17 ዲግሪ ነው። ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦችም አሉ፤ ዕቃውን ስነካው ብር ብለው ይነሣሉ። ሥሩን ማታ ከሥራ ስመለስ አያለሁ።

የአበባ እርሻ ሰው፦

በቃ፣ ዋናው ነገር ተገኘ። ያ ማሽን የሚሠራው ከውኃው ውስጥ ካልሲየምና ማግኒዥየም አውጥቶ በምትኩ ሶዲየም በማስገባት ነው። የምትጨምሩበት ጨው ለዚያ ነው። ለሰሃን ማጠቢያውና ለቧንቧው ጥሩ ነው፤ ለተክል ግን ሁለት ጊዜ ጉዳት ነው። ቃሪያ የሚፈልጋቸውን ሁለቱን ይወስድበታል፣ የማይፈልገውን ሶዲየም ይሰጠዋል። ትንሽ ዕቃ ውስጥ ደግሞ በየቀኑ ሲጠጣ ውኃው ይተናል፣ ጨው ግን እዚያው ይቀራል። ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውንም አፈሩ መልሶ ይመጠዋል። ነጩ ቅርፊት ያ ነው። ሻጋታ ቢሆን ለስላሳና ጸጉራም ነው፤ የጨው ቅርፊት በጥፍር ሲፋቅ እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል። በላዩ ላይ ሙሉ መጠን ማዳበሪያ አለ፤ ማዳበሪያም ጨው ነው።

እርሻው ላይ ጨውን የምንለካው ኢሲ በሚባል መለኪያ ነበር። ለትንሽ ችግኝ የሚጠጣው ነገር ከ1 (ሚሊሲመንስ በሴንቲ ሜትር) በታች እንዲሆን እንፈልጋለን። አነስተኛዋን መለኪያ ከኦንላይን በርካሽ ታገኛለሽ፤ ግን የግድ አይደለም።

አሁን የምታደርጊው ይሄ ነው። በማሽኑ ያላለፈ ውኃ ፈልጊ። ብዙ ቤት ውስጥ የውጭው ቧንቧ፣ አንዳንዴም የወጥ ቤቱ ቀዝቃዛ ውኃ በማሽኑ አያልፍም፤ የቧንቧ ሠራተኛ ወይም ቤቱን የሚያውቅ ሰው ጠይቂ። ካልሆነ ደጃፍሽ ያለውን በረዶ አቅልጪው! ከመንገድ ዳር ግን አትውሰጂ፣ ጨው ተረጭቶበታል። ከጓሮ ንጹሑን በባልዲ አስገቢና እስኪሟሟና የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ አስቀምጪው። ከዚያ ነጩን ቅርፊት በማንኪያ ጥረጊና ዕቃውን ማጠቢያ ገንዳው ላይ አድርገሽ ቀስ እያልሽ አፍስሺበት፤ የዕቃውን ሁለት እጥፍ ያህል ውኃ ከሥር ይውጣ። ደህና አድርገሽ አንጠፍጥፊው። ሳህኑ ባዶ ይሁን። ከዚያ በኋላ እንዳታጠጪው፤ ዕቃውን አንሥተሽ ቀለል እስኪልሽ ድረስ ጠብቂ። «ጠዋት ጠዋት» የሚለውን ተዪው፤ ውኃ በሰዓት ሳይሆን በክብደት ነው።

ማዳበሪያው እስኪያገግም ይቁም። ስትመለሺበት ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ሩቡን፤ ካልሲየምና ማግኒዥየም ያለበት ቢሆን ይመረጣል። በተለይ የበረዶ ውኃ ከሆነ ማዕድን የሚባል ነገር የለበትም።

ከዳላስ፦

እሺ፣ የማሽኑን ነገር አላየሁትም ነበር። ታዲያ ኤፕሰም ሶልት ብትጨምርበትስ? ማግኒዥየም ነው እኮ።

የአበባ እርሻ ሰው፦

አዎ ማግኒዥየም ነው፤ ግን እሱም ጨው ነው። ሳይታጠብ በላዩ ላይ ማድረግ ልክ አይደለም። ታጥቦ፣ ሥሩ አገግሞ፣ አዲሱ ቅጠል እንደገና በጅማቱ መሃል ቢጫ ካለ ያኔ ባንድ ጋሎን ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ አሟሙቶ አንድ ጊዜ ማጠጣት ይቻላል። ሲበዛ ካልሲየሙን ይሻማል።

እማማ ጤናዳም፦

ልጆቼ እንደምን ናችሁ። እኔ ቨርጂኒያ ነኝ፤ በየክረምቱ መስኮቴ ሥር በሶብላና ጤና አዳም አፈላለሁ። ስለዝንቦቹ ልናገር። የኔ ልጅ፣ የሚበርሩት ብዙም አይጎዱሽም፤ ጉዳቱ ያለው አፈሩ ውስጥ ነው። ትሏ ነጭ፣ ጭንቅላቷ ጥቁር፣ እንደ ክር የቀጠነች ናት፤ ለጋውን ሥር ትበላለች። የምትራባው አፈሩ ከላይ ሁሌ እርጥብ ሲሆን ነው። ወንድምሽ እንዳለሽ ላዩን ስታደርቂው ግማሹ ሥራ አለቀ። ቢጫ ማጣበቂያ ወረቀት ዕቃው አጠገብ ሰክተሽ የሚበርሩትን ያዢ። ለትሏ ደግሞ ቢቲአይ የሚባል አለ፤ ለወባ ትንኝ እጭ ማጥፊያ ተብሎ የሚሸጠው እንክብል። ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ ያንን ውኃ ታጠጫቸዋለሽ። ለሰውም ለድመትም ችግር የለውም። አንድ ጊዜ አድርገሽ እንዳትተዪው፤ እንቁላሉ በየተራ ስለሚፈለፈል ለጥቂት ሳምንት በየማጠጣቱ ድገሚው።

ሌላው ብርዱ ነው። ቃሪያ ሙቀት ይወዳል። 16 ዲግሪ ላይ አይሞትም፤ ግን አፈሩ ቶሎ አይደርቅም፣ ሥሩም ይተኛል። ከሲሚንቶው ወለል ከፍ አድርጊው። ለችግኝ የሚሸጠው ማሞቂያ ምንጣፍ ቢኖርሽ ደግሞ በጣም ጥሩ። ዘሩን ለማብቀል 27 ዲግሪ አካባቢ ነው የምይዘው፤ ከበቀለ በኋላ 20፣ 22 ይበቃዋል። በሶብላ እንኳ ይብሳል፤ ብርድ ሲነካው ቅጠሉ ይጠቁራል።

ስቶክሆልም ሰገነት፦

ጥያቄ ላክልበት። የኔ ቃሪያ ቢጫ አልሆነም። ግን ቅጠሉን ገልብጬ ሳየው ከሥሩ ጥቃቅን ጠጠር የመሰሉ እብጠቶች አሉ፤ አንዳንዶቹ ፈንድተው ቡናማ ሆነዋል። የተባይ እንቁላል ነው ብዬ በሳሙና ውኃ ረጨሁት፣ አልጠፋም። ምንድን ነው?

እማማ ጤናዳም፦

በጥፍርሽ ጫሪው። እንቁላል ከሆነ ይነሣል፤ የቅጠሉ አካል ከሆነ አይነሣም። ካልተነሣ ተባይ አይደለም። ሥሩ ብዙ ውኃ ስቦ ቅጠሉ ማውጣት ሲያቅተው የሚያብጥ ነው፤ አየሩ የታመቀ ሲሆን ቃሪያና ቲማቲም ላይ ይታያል። አይጋባም። ውኃ ቀንሺ፣ ትንሽ ማራገቢያ አብሪ፣ ሳሙናውን ተዪው።

የአበባ እርሻ ሰው፦

እማማ ልክ ናቸው። አልትራቫዮሌት ጨረር በሌለው መብራት ሥር ያደገ ችግኝ ላይም ይበዛል፤ ውጭ ፀሐይ ሲያገኝ አዲሱ ቅጠል ንጹሕ ሆኖ ይወጣል።

ሁላችሁም ግን ቅጠል መገልበጥ ልመዱ። ቀያይዋ ጥቃቅን ሸረሪት ከላይ ስትታይ በመርፌ የተወጋ የመሰለ ነጠብጣብ ብቻ ናት፤ ከሥር ግን ራሷም ድሯም አለ። ክሽክሽም ከሥር ነው የሚሰፍረው፤ ላዩ የሚያጣብቅ ከሆነ እሱን ፈልጉ። ከቤት መብራት ሥር ከላይ ያለው ቅጠል ብቻ ነጣ ካለና መብራቱ ከቀረበ ደግሞ የብርሃን ብዛት ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ አርቁት። ሌላ ማዳበሪያ አያድነውም።

ጓሮ፣ ያንቺን ዘር በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ከዛላ የወጣ ዘር ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ቫይረስ ከሆነ የሚታየው አዲሱ ቅጠል ላይ ነው፤ ፈዘዝ ያለና ጠቆር ያለ አረንጓዴ ተዘበራርቆ፣ ቅጠሉም ተጨማዶ። ያንቺ እንደዚያ አይደለም። ግን እንዲህ ያለ ካየሽ ያንን ችግኝ ከነአፈሩ አውጥተሽ ጣይው፤ መድኃኒት የለውም። ቤት ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ካለም ችግኝ ሳይነካ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ የትምባሆ ቫይረስ ቃሪያንም ይይዛል።

ጓሮ በሚኒሶታ፦

ማታ ሥሩን አየሁት። ከላይ ያለው ነጭ ነው፤ ከታች ሳህኑን የሚነካው ቡናማ ሆኖ ለስላሳ ነው፣ ሽታም አለው። ሁለት ሚጥሚጣዎች ግንዳቸው አፈሩ ጋ ቀጥኖ ጠቁሮ ወድቀዋል። ሌሎቹ ቆመዋል። ባለቤቴ ቧንቧውን ተከትሎ አየና የወጥ ቤቱ ቀዝቃዛ ውኃ በማሽኑ አያልፍም። ሁሉንም በእሱ አጥቤ አንጠፍጥፌያቸዋለሁ፣ መደርደሪያው ላይም ከፍ አድርጌያቸዋለሁ። ቢጫዎቹን ቅጠሎች ልቁረጣቸው? የተጎዳውንስ ሥር? እማማ፣ ቢቲአዩን አዝዣለሁ፤ ተባረኩልኝ።

የአበባ እርሻ ሰው፦

የወደቁትን ሁለቱን ከነአፈሩ አውጪና ጣያቸው፤ ግንድ የሚያበሰብስ ፈንገስ ነው፣ አይድኑም። አፈሩን ለሌላ እንዳትጠቀሚበት፤ ዕቃውን በበረኪና እጠቢው። የቀሩትን ሥር ከላይ ነጭ እስከሆነ ድረስ አትነካኪው፤ አየር ሲያገኝ አዲስ ያወጣል። ጨርሶ የደረቀውን ቅጠል ቁረጪ፤ አፈር የሚነካውንም እንደዚሁ። ግማሹ አረንጓዴ ከሆነ ግን ተዪው፣ አሁንም ይሠራል። የደረቀው ጠርዝ አይመለስም፤ ስለዚህ እሱን እያየሽ አትጨነቂ። የምትከታተዪው ከጫፉ የሚወጣውን አዲስ ቅጠል ነው። ሁለት ንጹሕ ቅጠል ሲያወጣ በሩብ መጠን ማዳበሪያ ትጀምሪያለሽ።

ወደ ውጭ ለማውጣት አትቸኩዪ። እናንተ ጋ ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በላይ የሚረጋው ግንቦት መጨረሻ፣ ሰኔ መጀመሪያ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት ለሳምንት፣ ለአሥር ቀን ያህል ቀን ቀን ጥላ ሥር አውጥተሽ ማታ እያስገባሽ አለማምጃቸው። በዚያን ጊዜ ውጭ የምታጠጪበት ቧንቧም በማሽኑ የማያልፍ መሆኑን አስቀድመሽ አረጋግጪ።