ዝናብ ሲመጣ ኤስደብሊውአር የሚዋዥቅ ዳይፖል አንቴና፤ ጥፋቱ የኮኔክተሩ ነው ወይስ የኬብሉ?

ሞገድ_ከጅሬን፦
ጤና ይስጥልኝ። የአማተር ራዲዮ አንቴናዬ ለ40 ሜትር ባንድ (7 ሜጋኸርዝ አካባቢ) የተሰራ ዳይፖል ነው፣ ማለትም ከመሃሉ ኬብል የሚገባበት ሁለት ክንድ ሽቦ፤ መሃሉ 9 ሜትር የባህር ዛፍ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል። ኬብሉ 25 ሜትር አርጂ-58 (ቀጭን ኮአክሲያል ኬብል)፣ ሁለቱም ጫፍ ፒኤል-259 ኮኔክተር። በበጋ በ7.1 ሜጋኸርዝ ኤስደብሊውአሩ (ምን ያህል ሞገድ ተመልሶ እንደሚመጣ የሚያሳየው ቁጥር፤ 1 ከሆነ ምንም አይመለስም) 1.4 ነበር። የጅማ ዝናብ ከጀመረ ወዲህ አንዳንድ ቀን 2.5 ይደርስና ሁለት ቀን ፀሐይ ሲወጣ ይመለሳል። ግራ ያጋባኝ የሰሞኑ ነው፦ 1.1 ላይ ወርዶ ረግቷል፣ ጣቢያዎች ግን ደክመው ነው የሚሰሙት። የላይኛው ኮኔክተር በተራ ናስትሮ ተጠቅልሎ ከላዩ ፌስታል ታስሮበታል። ኮኔክተሩን ብቻ ብቀይር ይበቃል?

ሊድና_ሽቦ፦
1.1 ማየትህ እንዳያስደስትህ ወንድሜ፣ ከ2.5ቱ የባሰ ምልክት ነው። ውሃ የጠጣ ኬብል ጉልበቱን በመንገድ ላይ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ከአንቴናው የሚመለሰው ሞገድ ሲወጣም ሲወርድም ስለሚበላ፣ ታች ያለው ሜትር የሚመለስ ነገር አያገኝም፤ «ሁሉ ደህና ነው» ይልሃል።

ሁለት ነገር ለካ። መጀመሪያ ኬብሉን ከአንቴናውም ከራዲዮውም ንቀል (ባለን፣ ማለትም ኬብሉን ከአንቴናው ጋር የሚያዛምደው ትራንስፎርመር፣ ካለ በቴስተር ሾርት መስሎ ሊታይ ስለሚችል እሱም ይለቀቅ)። በመሃል ሽቦውና በሺልዱ (በዙሪያው ባለው የመዳብ ጉንጉን) መካከል ቴስተሩ ምንም ማንበብ የለበትም። ኪሎ ኦም ይሁን ሜጋ ኦም፣ ቁጥር ካሳየ እርጥበት ወይም ዝገት ገብቷል።

ቀጥሎ የላይኛውን ጫፍ ክፍት ተወውና ከታች በናኖቪኤንኤ (ትንሿ የአንቴና መለኪያ) ኤስደብሊውአሩን እይ። በራዲዮው አትሞክር፣ ጭነት በሌለው ኬብል ላይ መላክ የመጨረሻውን ትራንዚስተር ይጎዳል። ጫፉ ክፍት ስለሆነ ሁሉም ይመለሳል፣ ስለዚህ ቁጥሩ ትልቅ መሆን አለበት። ደህና የሆነ 25 ሜትር አርጂ-58 በ7 ሜጋኸርዝ ወደ 10 ገደማ ያሳያል። 3 ካሳየህ ኬብሉ በአንድ ጉዞ 3 ዲቢ፣ ማለትም የጉልበቱን ግማሽ እየበላ ነው።

ሞገድ_ከጅሬን፦
ለካሁ። ቴስተሩ 40 ኪሎ ኦም፣ ናኖቪኤንኤው 3.2። የላይኛው ኮኔክተር ውስጡ አረንጓዴ ሆኗል። ፀሐይ ላይ ባደርቀውስ?

ሊድና_ሽቦ፦
አይሆንም። ውሃው ቢተን እንኳ ዝገቱ ይቀራል፤ የሺልዱ ጉንጉን ደግሞ እንደ ኩራዝ ክር ውሃውን ስቦ ሜትሮች ድረስ ይወስደዋል። ከላይኛው ጫፍ 30 ሳንቲም እየቆረጥክ ጥቁሩን ሽፋን ላጥ። መዳቡ ቀይና ብሩህ ከሆነበት ቦታ ጀምሮ ኬብሉ ይሰራል። ሁለት ሜትር ቆርጠህም ጠቁሮ ካገኘኸው አትድከም፣ ሙሉውን ቀይረው። የጠቆረ ጉንጉን የመበየጃ ሊድ አይዝም።

ለአርጂ-58 ፒኤል-259 ሲሰራ ዩጂ-175 የሚባለው ማጥበቢያ (ቀጭኑን ኬብል ከኮኔክተሩ ሰፊ ቀዳዳ ጋር የሚያገጥመው) ያስፈልጋል። የኮኔክተሩን ቀለበትና ማጥበቢያውን አስቀድመህ ኬብሉ ላይ አስገባ (ቀለበቱን ረስቶ የበየደ ሁሉ ሥራውን ከሀ ይጀምራል)። ሽፋኑን 20 ሚሊ ሜትር ላጥ፣ ጉንጉኑን በማጥበቢያው ላይ ወደ ኋላ እጠፍና 10 ሚሊ ሜትር ብቻ አስቀር። የመሃል ሽቦውን 16 ሚሊ ሜትር ግለጥና ሊድ አልብሰው። ከዚያ ኮኔክተሩን ማጥበቢያው ላይ አሽከርክረህ በቀዳዳዎቹ በኩል ሺልዱን በይድ። ሙቀቱ ጠንከር፣ ጊዜው አጠር ይበል፤ ደካማ መበየጃ ሲቆይ ነጩ ፕላስቲክ ይቀልጥና የመሃል ሽቦው ተንሸራቶ ሺልዱን ይነካል። ከበየድክ በኋላ እንደገና በቴስተር።

ጣሪያ_ላይ፦
የማሸጉን ነገር እኔ ልጨምር። ፒኤል-259 ውሃ የሚከለክል ጎማ የለውም፤ መላው መከላከያ ከውጭ የምትጠቀልለው ነው። ፌስታል ከባዶ ይብሳል፦ ቀን የሞቀው አየር ማታ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ጤዛ ይሆናል፣ መውጫም የለው። የተራ ናስትሮ ሙጫ ደግሞ በፀሐይ ይለሰልስና ጠርዙ ይነሳል።

አደራረቡ ሦስት ነው። ከስር አንድ ዙር ናስትሮ፣ ይህ በኋላ ስትፈታ ኮኔክተሩ ንጹሕ እንዲወጣ ነው። በላዩ ራሱን በራሱ የሚያዋህድ የጎማ ቴፕ፤ ለአንድ ኮኔክተር ግማሽ ሜትር ገደማ ይበቃል። ስፋቱ እስኪጠብ ሳበው፣ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ግማሽ ይሸፍን፣ ኬብሉ ላይ 5 ሳንቲም ይለፍ። ካልተሳበ አይዋሃድም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ ከፀሐይ የሚከላከል ጥሩ ናስትሮ፣ እንደ ሣር ቤት ክዳን ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ። የመጨረሻውን ዙር ሳትስብ አስቀምጠውና በመቀስ ቁረጠው፤ ተስቦ የተበጠሰ ጫፍ ይላቀቃል።

ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን እንዳታስጠጋበት፣ አሲዱ መዳቡን ይበላል። ኬብሉ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ቀለስ ብሎ እንደገና ይነሳ፣ ውሃው ከዚያ ይንጠባጠባል። የባለኑን ሳጥን ግን ሙሉ በሙሉ አትድፈነው፤ ከታቹ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ተው።

ሞገድ_ከጅሬን፦
እጅግ አመሰግናለሁ። የጎማ ቴፑ እዚህ ጅማ መርካቶ ባይገኝስ?

ጣሪያ_ላይ፦
የብስክሌት ካላማዳሪያ 2 ሳንቲም ስፋት እየቀደድክ፣ ታልኩን አጥበህ፣ አጥብቀህ ሳበው። ራሱን አያዋህድም፣ ፀሐይም ይሰነጥቀዋል፣ ስለዚህ ከላዩ ሁለት ዙር ናስትሮ ግድ ነው። በዓመት አንዴ፣ በበልግ መግቢያ፣ ፈተህ እየው።