የግጥም ወርክሾፕ ለምትፈልጉ፦ የቱ ይሻላል?

ሦስቱንም ዓይነት፣ መድረኩን፣ የቴሌግራም ግሩፑንና ክቡን፣ ሞክሬያለሁ፤ ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ክብ ሠርተው ተቀምጠው የሚጽፉበትን ምረጡ።

መድረክ ያለው ጥሩ ነው፣ ፍርሃት ያስወጣል። ታነባላችሁ፣ ይጨበጨባል፣ ትወርዳላችሁ። ግን የቱ ስንኝ እንደወደቀ የሚነግራችሁ የለም። የቴሌግራም ግሩፕ ደግሞ ሌሊትም ክፍት ነው፤ እንቅልፍ ላጣ ሰው ይሆናል። እዚያ የሚዘንበው ልብና አበባ ነው፤ የሚተች ከተገኘም ግጥሙን እስከ መጨረሻው ያላነበበ ነው።

ክቡ ሌላ ነገር ነው። እኔ የገባሁበት 9 ሰው ነበርን። አስተባባሪዋ "ኪሳችሁ ውስጥ ያለ አንድ ዕቃ አውጡ" አለችን፤ ከዚያ ለ15 ደቂቃ ማንም ትንፍሽ አላለም። ከእኔ ኪስ የወጣው የድሮ ቤታችን ቁልፍ ነበር። ይህን ጻፍኩ፦

ቤቱ ተሸጠና ቁልፉ ኪሴ ቀረ፤
ባየሁት ቁጥርማ እንባዬ ጨመረ።

ወል ቤት የሚባለው የግጥም ምጣኔ መሆኑ ነው። በእያንዳንዱ ስንኝ 6 ቀለም (ሲነበብ በአንድ ምት የሚወጣ ድምፅ)፣ ትንሽ እረፍት፣ ከዚያ ሌላ 6። ጣቴን እያጠፍኩ ቆጥሬ፣ ሞላልኝ ብዬ ኮራሁ። እዚያ ግን የራሳችሁን ግጥም ራሳችሁ አታነቡም፤ አጠገባችሁ ያለው ሰው ነው የሚያነብላችሁ። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ራሳችሁ ስታነቡ ድምፃችሁ ጉድለቱን ደባብቆ ያልፈዋል። የእኔን ያነበቡት አንድ አባት "ቁጥርማ" ላይ ሲደርሱ ተደናቀፉ። መነጽራቸውን ከፍ አደረጉና "ልጄ፣ ይቺ 'ማ' ምን ልትሠራ መጣች?" አሉኝ። ሳቅ በሳቅ ሆንን። እውነታቸውን ነው፤ ቀለም ለመሙላት ጎትቼ ያስገባኋት ናት። አንዷ ልጅ ደግሞ "እንባውን ተወውና፣ ቁልፉ አሁን ምን ይከፍታል?" አለችኝ።

ይቺ ጥያቄ ሦስት ቀን አብራኝ ዋለች፣ አብራኝ አደረች። በመጨረሻ ሁለተኛው ስንኝ እንዲህ ሆነ፦

ቤቱ ተሸጠና ቁልፉ ኪሴ ቀረ፤
የሚከፍተው አጥቶ ሆዴን ከፍቶት ኖረ።

"ከፍቶት" ላይ ቆም በሉ። ቁልፉ ሆዴን ከፈተው፣ ሰሙ ነው። ሆዴን ከፋው፣ ወርቁ ነው። ቅኔ አዋቂ ነኝ እያልኩ አይደለም፤ ብቻዬን ብሆን ግን እንባዬን ይዤ እቀር ነበር።

ክብ ሁሉ ደግሞ ክብ አይደለም። ሌላ ቦታ 20 ሆነን 2 ሰዓት ተሰጠን። ሲካፈል ለአንድ ሰው 6 ደቂቃ ነው። ከዚያ ላይ አስተባባሪው ስለ ራሱ ግጥም 40 ደቂቃ አወራ። የእኔ ተራ ሳይደርስ መብራት ጠፋና ተበተንን፣ እሱ እንኳ የማንም ጥፋት አይደለም። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ስንት ሰው እንደሚገባ፣ እዚያው ይጻፍ እንደሆነና ማን እንደሚያነብ ጠይቁ።

ስልክ ወይስ ደብተር? ደብተር። ስልክ ላይ ያጠፋችሁት ስንኝ አይመለስም፣ በኋላ ደግሞ የምትፈልጉት እሱኑ ይሆናል። እኔ በቀኝ ገጽ እጽፋለሁ፣ ግራው ለማረሚያ ባዶ ይቆያል። ስልኩን ድምፅ ለመቅጃ ተጠቀሙበት፤ ሰው ሲያነብላችሁ ቅዱና የት እንደተደናቀፈ ቤት ገብታችሁ ስሙ። ላጲስ አያስፈልግም። ያቺ "ቁጥርማ" አሁንም ደብተሬ ላይ አለች፣ አንድ ስስ መስመር ብቻ አልፎባት።