የፊት ሞላ ራሴ ልቀይር ወይስ ጋራዥ ልውሰደው?

ሰላም ወገኖች፣ ምክር ፈልጌ ነው። ያለሁት ቨርጂኒያ ነው፤ የምነዳው የ2013 ሆንዳ ሲቪክ። መኪናውን 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ የሚያደርግ አጭር ሞላ ገዝቼ ሳሎን ካስቀመጥኩት ወር ሊሞላው ነው። ባለቤቴ በየቀኑ ታየዋለች፣ ምንም አትልም። ዝምታዋ ነው የከበደኝ።

ፍሬን ሸራ ቀይሬ አውቃለሁ፤ ክሪክና መደገፊያም አለኝ። የኋላው ብዙ አያስፈራኝም። የሚያስጨንቀኝ የፊቱ ነው። ሞላው ከሾክ አብዞርበሩ ጋር አንድ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በመጭመቂያ ታምቆ ነው የላዩ ብሎን የሚፈታው። ሞላው ካመለጠ የሰው ፊት ይሰብራል። መጭመቂያውን የመለዋወጫ ሱቆች ያውሳሉ፤ ግን ስንት ሰው የተጫወተበትን ዕቃ ማመን ይቻላል?

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የፊቶቹን ራሴ ፈትቼ ልውሰድና ጋራዡ ሞላውን ብቻ ይቀይርልኝ። እንዲህ ያደረገ አለ? ሾኮቹ ከፋብሪካ የመጡት ናቸው፣ 90 ሺህ ማይል ሄደዋል። አብሬ ልቀይራቸው? አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) በኋላ ግድ እንደሆነ አውቃለሁ። ቅዳሜ ልጀምር ስላሰብኩ ቶሎ መልሱልኝ።