ዝቅ ባለች ቪትዝ ላይ ሰፊ ቸርኬ ገጥሜ ጎማው ይነካል፣ መሪውም ይንቀጠቀጣል

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
እንዴት ከረማችሁ። የመጀመሪያው ሞዴል ቪትዝ አለችኝ። የድሮ ባለቤቷ ሞላዋን አስቆርጦ ዝቅ አድርጓታል። ባለፈው ወር ያገለገለ ባለ 15 አሎይ ቸርኬ ገዛሁላት። ጀርባው ላይ 15 በ7 (ቁመቱና ስፋቱ በኢንች)፣ ኢቲ 38 (የማሰሪያው ፊት ከቸርኬው መሃል የሚርቅበት ሚሊ) ይላል። ጎማው 195/50 ነው። የድሮው የፋብሪካ አሎይ 14 በ5 ተኩል፣ ኢቲ 45 ነበር፣ ጎማው 175/65።

ብቻዬን ስነዳ ሰላም ነች። ከኋላ ሦስት ሰው ሲቀመጥ ግን ብሬከር ላይ የኋላው የግራ ጎማ ክርር ይላል። ከ80 በላይ ደግሞ መሪው ይንቀጠቀጣል። ሁለቴ ባላንስ አሠርቻለሁ፣ ለውጥ የለም። በሚቀጥለው ሳምንት እናቴን ለሕክምና አዲስ አበባ ማድረስ አለብኝ። አባይ በረሃን በዚህ ሁኔታ መውረድ ፈርቻለሁ። ምን ትሉኛላችሁ?

ጎሚስታው፣ ከፍኖተ ሰላም፦
እናትህን እግዜር ይማርልህ ወንድሜ። ሰው ሁሉ ጥፋቱን ዝቅ በማለቷ ላይ ነው የሚጥለው። ያንተ ግን የቸርኬው ስፋትም አለበት። ከ5 ተኩል ወደ 7 ስትሄድ አንድ ኢንች ተኩል ሰፋ፣ 38 ሚሊ ማለት ነው። ግማሹ ወደ ውጭ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ፣ 19 በ19። ኢቲ ደግሞ ሲያንስ ቸርኬው ወደ ውጭ ይወጣል። ከ45 ወደ 38 ስለወረደ 7 ሚሊ ጨምርበት። የውጭው ጠርዝ ከድሮው 26 ሚሊ ወጥቷል። ወደ ውስጥ የገባው 12 ብቻ ነው። ስለዚህ የሚነካው ፓራፋንጎውን፣ ከጎማው በላይ ያለውን ቆርቆሮ ነው ባይ ነኝ።

ለማረጋገጥ የጎማውን ትከሻ በጠመኔ ቀባው። ሦስት ሰው ጭነህ አንድ ብሬከር እለፍ። ጠመኔው የት ላይ እንደተፋቀ እይ።

ቁመቱ ላይ ችግር የለም። የድሮው ጎማ 583 ሚሊ ግድም ነው፣ የአሁኑ 576። እንዲያውም አጥሯል። ጠበብ ያለ 185/55 ልግዛ እንዳትል ብቻ። እሱ እስከ 6 ተኩል ቸርኬ ነው የሚፈቀድለት።

ሹፌር፣ ከቡሬ፦
በሞላው ጥምዞች መሃል የሚገባውን የሞላ ላስቲክ አስገባበትና ተገላገል። እኔ ሁለት ዓመት ነድቼበታለሁ።

መካኒክ፣ ከባሕር ዳር፦
የቡሬው ወንድሜ ይቅርታ፣ በተቆረጠ ሞላ ላይ ይሄን አልመክርም። የቪትዝ የኋላ ሞላ ከሾኩ ተለይቶ ለብቻው ነው የተቀመጠው። ሲቆረጥ ያጥራል። ጎማው አየር ላይ ሲንጠለጠል ከመቀመጫው ሊለቅ ይችላል። መኪናዋን በክሪክ አንሳና ሞላውን በእጅህ ወዝውዘው። ላላ ካለ ሳታድር የፋብሪካውን ሞላ አስገባ። ላስቲኩ ጩኸቱን ይቀንስ ይሆናል፣ የለቀቀ ሞላ ግን አይዝልህም።

ወደ መንቀጥቀጡ ልምጣ። ባላንስ ማሽኑ ቸርኬውን በመሃል ቀዳዳው ጨብጦ ስለሚይዘው እዚያ ላይ ልክ ይመጣል። መኪናዋ ላይ ግን ሌላ ነው። የቪትዝ ሞዞ፣ ቸርኬው መሃሉ ላይ የሚሰካበት ማለት ነው፣ 54.1 ሚሊ ነው። ለብዙ ዓይነት መኪና ተብሎ የሚሠራ ቸርኬ ቀዳዳው ሰፊ ነው፣ 67.1 ወይም 73.1 አለ። በመሃል ክፍተት ስላለ ቸርኬው መሃሉን ሳይዝ ይታሰራል። ቀዳዳውን በካሊፐር ለካና ቶርኖ ቤት ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት አስቆርጥ። ውስጡ 54.1፣ ውጩ እንደ ቀዳዳው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ቸርኬውን የሚያስረውን ዳዶ ቀይረሃል?

ጠያቂ፦
አይ ጋሼ፣ የድሮው ነው። ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው።

መካኒክ፣ ከባሕር ዳር፦
በል አሁኑኑ ወጥተህ እየው! የቶዮታ የፋብሪካ አሎይ አብዛኛውን ጊዜ በጠፍጣፋ ሮንዴላ ነው የሚታሰረው። ከገበያ የምትገዛው ቸርኬ ግን የዳዶ ቀዳዳው እንደ ቀንድ ወደ ውስጥ የሚጠብ ነው፣ ሾጣጣ ዳዶ ይፈልጋል። ጠፍጣፋው እዚያ ላይ በጠርዙ ብቻ ነው የሚያርፈው። ቢጠብቅም ይላላል። ሾጣጣውን 12 በ1.5 (የጥርሱ ልክ ነው) ብለህ ጠይቅ።

ጠያቂ፦
አሁን አንዱን ፈትቼ አየሁት። የቀዳዳው አፍ ላይ ክር የምታህል የምታብረቀርቅ መስመር አለች፣ ሌላው ቦታ ጭራሽ አልተነካም። በዙሪያው ብርማ ብናኝ አለ። በጣቴ ስነካው ጣቴ ላይ ቀረ። ሁለቱ ዳዶ ደግሞ በእጄ ዞሩ። ደነገጥኩ።

አንዲት እናት፣ ከደጀን፦
ልጄ፣ እኔ ይህን ቁልቁለት ዓመቱን ሙሉ እወርዳለሁ። ከደጀን እስከ ወንዙ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው የምትወርደው። አስፋልቱ መሬቱ እየተንሸራተተ ብዙ ቦታ ተሸብሽቧል፣ ዝቅ ያለ መኪና ሆዱን ይመታል። ፍሬን ስትይዝ፣ ኩርባ ስትዞር ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው የላላው ጎማ ላይ ነው። ለዚህ መንገድ የድሮውን ቸርኬ ከራሱ ዳዶ ጋር መልሰህ እሰር። በከባድ ማርሽ ውረድ፣ ፍሬኑን አታቃጥለው። አዲሱን ስትመለስ ትገጥመዋለህ።

ጠያቂ፣ ከአራት ቀን በኋላ፦
እግዜር ይስጥልኝ። በጠመኔው አየሁት፣ የተፋቀው የውጭ ትከሻው ነው፣ ጎሚስታው እንዳለው። ሞላውንም በክሪክ አንስቼ ነካሁት። የግራው በእጄ ዞረ። ሁለቱንም የኋላ ሞላ በፋብሪካው አስቀየርኩ። የፊቱ ለጊዜው እንዳለ ነው። የድሮውን 14 ቸርኬ መልሻለሁ፣ 110 ላይ እንኳ መሪው ንቅንቅ አላለም። ቀለበቱን ቶርኖ ቤት አዝዣለሁ፣ የቸርኬው ቀዳዳ 67.1 ነበር። ከእናቴ ጋር ሐሙስ ሌሊት እንነሳለን።

መካኒክ፣ ከባሕር ዳር፦
ጎበዝ። ዳዶውን በቶርክ መፍቻ 103 ኒውተን ሜትር አጥብቀው፣ በመስቀል ቅደም ተከተል። ደጀን ስትደርስ ቁርስ ከመብላትህ በፊት ድጋሚ ፈትሸው። አዲሱን ቸርኬ ስትገጥም የኋላ ፓራፋንጎውን የውስጥ ጠርዝ ማሳጠፍ ያስፈልግሃል። ቀለሙ እንዳይሰነጠቅ በሙቀት የሚሠራ ባለሙያ ፈልግ። ፊቷ ዝቅ እንዳለ ስለሆነ አላይመንትም አስነሳ፣ ካልሆነ ጎማውን በውስጥ በኩል ይበላዋል።