የሰፈር መንገድ ሲሠራ ሙሉ በሙሉ ይዘጋ ወይስ በክፍል በክፍል?

ጥያቄውን ያነሳሁት (አዲስ አበባ)፦ ጎረቤቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። አሮጌው አስፋልታችን ተነስቶ መንገዱ ከተቆፈረ ሦስተኛ ወሩን ያዘ። በእሁዱ ስብሰባ ሁለት ሐሳብ ተነስቷል። አንዱ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ሌት ተቀን ተሠርቶ ቶሎ ይለቅ ይላል። ሌላው ግማሹ ሲሠራ ግማሹ ክፍት ይሁን ነው። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። እናቴ የኩላሊት እጥበት አለባት፣ በሳምንት ሦስት ቀን። መኪና በራችን ድረስ ስለማይገባ እኔና ወንድሜ በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመን ነው ዋናው መንገድ የምናደርሳት። ትናንት ጠዋት ቦዩ ላይ የተጋደመው ጣውላ ረገብ ሲል እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘችኝ። እስክንሻገር ትንፋሽ አላወጣችም።

ባለ ሱቋ፦ ወንድሜ፣ እናታችንን እግዜር ይማርልን። ግን እኔም ልናገር። ደጄ ላይ ገረጋንቲ ተቆልሏል። የዳቦ መኪናው መግባት ካቆመ ቆይቷል፤ በሸክም ነው የማስመጣው፣ የተሸካሚውም ሒሳብ በእኔ ነው። ኪራይ ደግሞ ወሩን ጠብቆ ይመጣል። በግማሽ በግማሽ ከተባለ ጊዜው ይረዝማል። ክረምቱም ደረሰ። ሰኔ ሳይገባ አስፋልቱ ካልወረደ ይሄ ሁሉ አፈር ጭቃ ነው የሚሆነው። ይዘጋና ይለቅልን።

የሁለት ልጆች እናት፦ ሌሊቱን ግን አትርሱት። ሮለሩ፣ መጠቅጠቂያው ማሽን፣ ሲንቀጠቀጥ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው ብርጭቆ ሁሉ ይንጫጫል። ትንሹ ልጄ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተነስቶ ያለቅሳል፣ ጠዋት ትምህርት ቤት ያንቀላፋል። ድምፅ እኮ ሕግ አለው። የብክለት ቁጥጥር አዋጁን (300/1995) ተከትሎ የወጣው መለኪያ ለመኖሪያ ሰፈር በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ልማት ነው ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

መንገድ ሥራ ላይ ያለሁ፦ ከሙያዬ ልጨምር። ሌሊት መሥራት ቁፋሮውንና ሙሊቱን ያፋጥናል፣ ሁሉንም ግን አይደለም። ገረጋንቲው በየንብብሩ ውሃ ጠጥቶ ተጠቅጥቆ፣ ጥግግቱ ተለክቶ ነው ቀጣዩ የሚደረብበት። ፕራይሙ፣ ማለትም ከአስፋልቱ በፊት የሚረጨው ቀጭን ሬንጅ፣ ከተረጨ በኋላ መድረቅ አለበት። አስፋልቱ ደግሞ 150 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ይመጣል፣ ሳይቀዘቅዝ መጠቅጠቅ አለበት። ዝናብ ላይ ከተነጠፈ በዓመቱ ይላጣል። በግማሽ መሥራትም ጉድለት አለው፦ መሐል ላይ ያለው መጋጠሚያ በደንብ ካልተሠራ ውሃ የሚገባው በእሱ ነው። እኔ እንዳየሁት ግን ሥራ የሚያስቆመው ከሥር የተቀበረው ነው። የውሃ መስመሩ ተቆፍሮ ሲገኝ፣ የመብራት ምሰሶው ሳይነሳ ሲቀር ማሽኑ ቆሞ ይውላል።

ጥያቄውን ያነሳሁት፦ ይሄ ሐሳቤን አስቀየረኝ። እህቴ ባለ ሱቋ፣ ያልሽው እውነት ነው። ግን መዘጋቱ ብቻ አያፋጥነውም። የኛ መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ሳምንት ተቆፈረ፣ ከዚያ ማሽኑ ለቀናት ቆመ። መቶ መቶ ሜትር እየተቆፈረ፣ ያ ሳያልቅ ሌላው ባይነካ ኖሮ አንቺም ደጅሽ ሦስት ወር ባልተዘጋ ነበር። ከሥር ያለው የውሃ ቱቦም አሁኑኑ ይቀየር። አስፋልቱ ከወረደ በኋላ ዳግም ሲቆረጥ ማየት አልፈልግም። ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ሮለር ይቁም። አቧራው በቀን ሁለቴ ውሃ ይረጭበት። ቦዩም ላይ መደገፊያ ያለው መሻገሪያ ይሠራ፣ ዛሬውኑ።

ባለ ሱቋ፦ መቶ መቶ ሜትሩን እቀበላለሁ። የማታውን አልቀበልም፤ ክረምቱ እስኪገባ የቀረን ጥቂት ሳምንት ነው። መሻገሪያውን ግን ማንንም አንጠብቅ። ሱቄ ጀርባ ሁለት ወፍራም ሳንቃ አለኝ። ነገ ጠዋት እናታችሁ ከመውጣቷ በፊት ከወንድምህ ጋር ኑና ውሰዱ።