ሥጋም ወተትም የማትበላ እንግዳ ይዞ ኒው ዮርክ ወደሚገኝ የዩክሬን ምግብ ቤት መሄድ

ጥያቄ
በመጪው ቅዳሜ ስድስት ሆነን ማንሃተን ውስጥ፣ ኢስት ቪሌጅ በሚባለው ሰፈር ካሉት የዩክሬን ምግብ ቤቶች በአንዱ ምሳ ልንበላ አስበናል። ችግሩ ከመካከላችን አንዷ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም የማትመገብ መሆኗ ነው። የምግብ ዝርዝሮቹን ስመለከት አብዛኛው ሥጋ፣ አይብና ስሜታና የተባለው የኮመጠጠ ክሬም ያለበት ሆኖ አገኘሁት። እኛ ጠግበን ስንበላ እርሷ አንድ ሳህን ሰላጣ ይዛ እንድትቀመጥ በፍጹም አልፈልግም። ምን ብናዝላት ይሻላል? ቦታ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልግ እንደሆነና ለአስተናጋጅ የሚሰጠው ጉርሻ ምን ያህል እንደሆነም የሚያውቅ ቢነግረኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1
እንግዳዎ ለዩክሬን ማዕድ ባዕድ የሆነ ነገር አልጠየቁም። ዩክሬናውያን ክርስቲያኖች በገና ዋዜማ ማታ የሚያቀርቧቸው አሥራ ሁለት ምግቦች በባህሉ መሠረት ሥጋና የወተት ተዋጽኦ የማይገባባቸው ናቸው፤ ከእነርሱም ዋነኛው ከተቀቀለ ስንዴ፣ ከማርና ከፖፒ ፍሬ የሚዘጋጀው ኩቲያ ነው። በዚያው ማዕድ ላይ በእንጉዳይ የተሞሉ ትንንሽ የሊጥ ጥቅልሎች የሚገቡበት የጾም ቦርሽም (ቦርሽ የቀይ ሥር ሾርባ ነው) ይቀርባል። ነገር ግን የአዘቦቱ ቦርሽ ሌላ መሆኑን አይርሱ። ሳህኑ ላይ አንድም ቁራጭ ሥጋ ሳይታይ መረቁ ከአሳማ ወይም ከበሬ አጥንት የወጣ ሊሆን ስለሚችል፣ ጥያቄዎ «ሥጋ አለበት?» ሳይሆን «መረቁ ከምንድን ነው የተሠራው?» ቢሆን ትክክለኛውን መልስ ያገኛሉ።
ከዚያ ውጭ ቫረኒኪን፣ ማለትም በውስጡ ድንች ወይም ሌላ ነገር ተሞልቶ የሚቀቀለውን ሊጥ፣ እመክርዎታለሁ፤ በዚያ ሰፈር በፖላንድኛ ስሙ ፒየሮጊ ተብሎም ይጻፋል። የድንች የሚባለው ብዙ ጊዜ አይብ ወይም ቅቤ ስለሚቀላቀልበት፣ የኮመጠጠ ጎመንና እንጉዳይ ያለበትን ይምረጡ፤ በቅቤ ሳይጠበስ እንዲሁ ተቀቅሎ፣ ስሜታናው ለብቻው እንዲመጣም ይንገሯቸው።

መልስ 2
ስለ ቦርሹ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ በቫረኒኪው ግን አልስማማም። ሊጡ ራሱ በእንቁላል የሚቦካባቸው ቤቶች ብዙ ስለሆኑ፣ ሳይጠይቁ ማዘዝ እንግዳዋን ማሳዘን ነው። ዴሩኒ የሚባለው የድንች ቂጣም አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል አለበት። እኔ ብሆን የማስቀድመው ቪነግረትን ነው፤ ቀይ ሥር፣ ድንች፣ ካሮት፣ የኮመጠጠ ኪያርና ጎመን በዘይት ተለውሰው የሚቀርቡበት በመሆኑ ሆድ የሚሞላ ምግብ ነው። በመቀጠል ሆሉብትሲን፣ ማለትም በጎመን ቅጠል የተጠቀለለውን፣ ሥጋ ሳይሆን ሩዝና እንጉዳይ ያለበትን ይጠይቁ። ከላይ የሚፈስበት የእንጉዳይ ሶስ ክሬም ሊኖርበት ስለሚችል በቲማቲም ሶስ ይሁንልን ማለት ይሻላል።
ሌሎቻችሁ ግን ቦርሹን እንዳታልፉት አደራ እላለሁ። የዩክሬን ቦርሽ አሠራር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 አስቸኳይ ጥበቃ በሚሻ የዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረው ጦርነቱ ባህሉን ስላሰጋው ነው። ስሜታናውን መጀመሪያ ሳትነኩ የቀይ ሥሩን ጣፋጭነትና የኮምጣጤውን ጎምዛዛነት ለየብቻ ቅመሱ፤ ከዚያ በማንኪያ ስታማስሉት ደም የመሰለው መረቅ ቀስ በቀስ ሮዝ ይሆናል፣ ጣዕሙም ይለዝባል። ነጭ ሽንኩርትና ዘይት የተቀባውን ፓምፑሽካ የሚባል ትንሽ ዳቦ ካገኛችሁ አጥቅሳችሁ ብሉት።

መልስ 3
ስለ ቀሪው ጥያቄዎ፦ እነዚህ ቤቶች ቀለል ያሉ ስለሆኑ የክት ልብስ አያሻም። ይሁን እንጂ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ለስድስት ሰው የሚሆን ጠረጴዛ ወዲያው ማግኘት ስለሚያስቸግር አስቀድመው ይደውሉ፤ ቀጠሮ የማይቀበሉ ከሆነ ረፈድ ሲል፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ይሂዱ። በኒው ዮርክ ከተማ በምግብ ዋጋ ላይ 8.875 በመቶ የሽያጭ ታክስ ይታከላል፤ ጉርሻው ደግሞ እንደ ልማዱ ከ18 እስከ 20 በመቶ ነው። ለቡድን የአገልግሎት ክፍያ አስቀድመው የሚደምሩ ቤቶች ስላሉ፣ ሁለት ጊዜ እንዳይከፍሉ ሒሳቡን አንብበው ይፈርሙ።
በሁለተኛው አቬኑና በ9ኛው ጎዳና ማዕዘን ላይ ያለው ቬሰልካ የተባለው ምግብ ቤት እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተ ሲሆን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተሰደው በዚያ አካባቢ የሰፈሩት ዩክሬናውያን ካቋቋሟቸው ቤቶች አንዱ ነው። ጊዜ ካላችሁ ከምሳ በኋላ በእግር ወርዳችሁ በምሥራቅ 7ኛው ጎዳና ያለውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፣ በ6ኛው ጎዳና ደግሞ የዩክሬን ሙዚየምን ብታዩ ምግቡ የማን እንደሆነ ይበልጥ ይገባችኋል።

ጠያቂው
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ነገ ደውዬ ስለ መረቁ፣ ስለ ሊጡና ስለ ሶሱ አንድ በአንድ እጠይቃቸዋለሁ። ቪነግረቱን ግን ለእርሷ ብቻ ሳይሆን ለጠረጴዛው ሁሉ አዝዘዋለሁ።