ክሪኬት ላይ «አምፓየርስ ኮል» (የዳኛው ውሳኔ) የሚሉት ነገር ለማንም ገብቶታል?

የሻርጃው፦ ሰላም ወገን። እዚህ ሻርጃ ከህንዶችና ከፓኪስታኖች ጋር ነው የምኖረው፣ ክሪኬት ካለ እንቅልፍ የለም። እኔም ሳላስበው ለመድኩት። አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ። ኳሷ የመቺውን እግር ስትመታ፣ እግሩ ባይኖር ከኋላው የቆሙትን ሦስት እንጨቶች ታገኝ ነበር ወይ ብለው በኮምፒውተር ያያሉ። ምስሉ እንጨቱን ስትነካ እያሳየ «አምፓየርስ ኮል» ይባልና ሰውየው ይቀጥላል! ዳኛው ቀድሞ «ወጥቷል» (መምታቱ አበቃ) ብሎት ቢሆን ግን በዚያችው ኳስ ይወጣ ነበር። ታዲያ ማሽኑ ምን ሊሠራ መጣ?

ቦሌ ቦይ፦ እግሩን ከመታች በኋላ ያለው መንገድ እኮ ግምት ነው፣ ኳሷ እንጨቱ ጋ አልደረሰችም። ስለዚህ የሚነካው ከኳሷ ግማሽ በታች ከሆነ ዳኛው ያለው ይጸናል። ቫር ኦፍሳይድ ሲያይ የሚለካው የሆነውን ነው፣ ይሄ ግን ሊሆን የነበረውን። ደግሞ ከፈረንጆቹ 2017 ወዲህ በዚህ ከተሸነፍክ ሪቪውህ (ውሳኔው በማሽን ይታይልኝ የምትልበት የተወሰነ ዕድል) አይቃጠልብህም።

ጋሽ ክሪኬት (ለንደን)፦ ማሽኑን ተዉት፣ ቡድኖቹ ናቸው የሚያባክኑት። በፈረንጆቹ 2019 ሊድስ ላይ እንግሊዝ ለማሸነፍ 2 ራን (ነጥብ) ሲቀራት የአውስትራሊያዊው ላየን ኳስ የእንግሊዙን መቺ የስቶክስን እግር መታች። ዳኛው ጆኤል ዊልሰን «አልወጣም» አለ። ምስሉ መውጣቱን አሳየ፣ ግን አውስትራሊያ ሪቪው የላትም! ትንሽ ቀደም ብላ በሌላው የእንግሊዝ መቺ በሊች ላይ፣ ተስፋ በሌለው ኳስ አቃጥላዋለች። እንግሊዝም በአንድ ዊኬት (አንድ ሰው ቢወጣባት ኖሮ ያልቅላት ነበር) አሸነፈች። እኔ ሰፈር ያን ቀን የነበረው ጩኸት አይነገርም።

ሚኪ፦ ማሽኑ ዝም ሲልስ? በ2024 መጨረሻ ሜልበርን ላይ የህንዱ መቺ ጃይስዋል 84 ራን ላይ እያለ፣ ኳሷ ዱላውን ወይም ጓንቱን መንካቷን የሚያሳየው የድምፅ መስመር (ነክታ ከተያዘች ይወጣል) ዝርግ ብሎ፣ ምስሉን የሚያየው ሦስተኛው ዳኛ «ወጥቷል» አለው። ኳሷ አቅጣጫ ስትቀይር በዓይን ይታይ ነበር። ለእኔ ልክ ነው፣ ዓይን ያየውን መስመር አይሽረውም።

የሻርጃው፦ ሚኪ፣ ይሄን እኛ ቤት መጥተህ በለው! ህንዶቹ «ፐርዝ ላይ የእኛን ራሁልን በድምፅ መስመር አስወጥታችሁ፣ እዚህ መስመሩን ናቃችሁት» እያሉ ነው እስከ ዛሬ። ፓኪስታናዊው ደግሞ ከፈረንጆቹ 2011 አልተላቀቀም። ሞሃሊ ላይ ከፓኪስታን ጋር ሲጫወቱ የህንዱ ቴንዱልካር ወጥቷል ተብሎ ሪቪው አዳነው፣ 85 አስቆጠረ፣ ህንድም አሸነፈች። ያን ምስል ሠርተውት ነው ብሎ ይምላል። ቦሌ ቦይ፣ ግምቱ ገብቶኛል፤ ግማሽ የሚለውን ቁጥር ማን ቆረጠው ነው የምለው። ሩብ ለምን አልሆነም?